የምርምር ጽሑፍ የማን ነው? ከምዕራብ ሐረርጌ መስክ የተነሣ ጥያቄ

አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከጭሮ ተነሥቶ ወደ ሚኤሶ ቆላ ሲወርድ ወይም ወደ ገለምሶ ሲያቀና ሥራውን ብቻውን አይሠራም። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ይዘጋጃል፤ ወደ አፋን ኦሮሞ ይመለሳል፤ የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከቤት ወደ ቤት ትመራዋለች፤ የተገኘው መልስ ተተርጉሞ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ ይሰላል፤ በመጨረሻም መመረቂያ ጽሑፉ ይጻፋል። ያው ሥራ ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ በመጽሔት ታትሞ ሲወጣ ግን ከርዕሱ ሥር የተደረደሩት ስሞች ከሠሪዎቹ ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም። አንዳንዱ ስም ያለ ሥራ ይገባል፤ አንዳንዱ ሥራ ያለ ስም ይቀራል።

ጉዳዩ የክብር ጥያቄ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ከጽሑፍ በላይ የሚሰፍር ስም ሁለት ነገር ይናገራል፤ ሥራውን ማን እንደሠራና ስሕተት ቢገኝ ማን እንደሚጠየቅ። ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ከሆነ ለድርቅ፣ ለእንስሳት በሽታ ወይም ለእናቶች ጤና በዚያ ጥናት ላይ ተመሥርቶ የሚወሰነው ውሳኔ ተጠያቂ የሌለው ይሆናል።

የምዕራብ ሐረርጌ የምርምር ሁኔታ ጥያቄውን ያጠብቀዋል። የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ቀደም ሲል የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ በነበረበት በጭሮ ነው። በመቻራ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ በሂርና ደግሞ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። በመሆኑም በአንድ ጥናት ላይ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የማዕከል ተመራማሪ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያና ተማሪ አብረው ሊሠሩ ይችላሉ። እያንዳንዳቸው የሚመጡት ግን የየራሱ ልማድ ካለው የሙያ ዘርፍ ነው።

የዘርፎቹ ልማድ ልዩነት ቀላል አይደለም። በሕክምናና በሥነ ሕይወት የመጀመሪያው ስም ዋናውን ሥራ የሠራው፣ የመጨረሻው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቡድኑን የመራው ሰው ነው። በሒሳብና በብዛት በኢኮኖሚክስ ስሞች በፊደል ተራ ስለሚደረደሩ ቦታው ስለ ድርሻ የሚናገረው ነገር የለም። በታሪክና በሥነ ጽሑፍ ጥናት አንድ ጸሐፊ ብቻውን መቆሙ የተለመደ ነው። በሌላው ጫፍ እ.ኤ.አ. በ2015 የሂግስ ቦዞንን መጠነ ቁስ በተመለከተ የወጣው የፊዚክስ ጽሑፍ ከ5,000 በላይ ጸሐፊዎች ነበሩት። ስለዚህ የማዕረግ ዕድገትን የሚመረምር ኮሚቴ ለሁሉም በአንድ ሚዛን፣ ማለትም በጽሑፍ ብዛትና በስም ተራ ብቻ ከፈረደ፣ ለዓመታት ብቻውን የአካባቢውን የቃል ታሪክ የሰበሰበውን ከአሥር ሰዎች ጋር ስሙን ካስገባው አሳንሶ ያያል። ሚዛኑ ራሱ ተመራማሪውን ስም ወደ መለዋወጥ ይገፋዋል።

መመዘኛ ግን ጠፍቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተሰበሰቡት የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች የተወለደው ኮሚቴ ዛሬ አራት ነገሮች በአንድነት እንዲሟሉ ይጠይቃል፤ በጥናቱ ሐሳብና ንድፍ ወይም በመረጃው ማሰባሰብ፣ ትንተናና ፍቺ ጉልህ ድርሻ መኖር፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም ይዘቱን በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂነትን መቀበል። ገንዘብ ማስገኘት ወይም አጠቃላይ ክትትል ማድረግ ብቻውን ጸሐፊ አያሰኝም። በዚህ መለኪያ መሠረት አማካሪ መሆን በራሱ ስም አያስገባም፤ ጥያቄውን ከተማሪው ጋር የቀረጸ፣ ትንተናውን ያቃናና ጽሑፉን ያረመ አማካሪ ግን ስሙ ሊገባ ይገባዋል። ያው ኮሚቴ የመጀመሪያውን መስፈርት ያሟላ ሰው በመጻፉ እንዲሳተፍ ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባም ያሳስባል። መስክ ወርዶ መረጃውን ያመጣውንና የተነተነውን ባለሙያ ለጽሑፉ ሳይጋብዙ ቆይቶ «አልጻፈም» ብሎ ማስቀረት ስለዚህ አግባብ አይደለም።

ከዚህም ወዲያ የገበሬው ድርሻ ይነሣል። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በስም ለይቶ ያውቃል፤ ሙይራ፣ ፈንዲሻ እያለ ይጠራዋል። ሙይራ የሚለው ስያሜ በኋላ በምርምር ተሻሽለው ለተለቀቁ ዝርያዎች መጠሪያ ሆኗል። ተመራማሪው የሚለካው ልዩነት አስቀድሞ በገበሬው ዓይን ተለይቶ፣ በእጁ ተመርጦ የቆየ ነው። የእንዶድ ታሪክም ተመሳሳይ ነው። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን በማየት ነበር ቢልሃርዚያን ለመከላከል የሚረዳውን ምርምር የጀመረው። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 የተሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ተጋርቶታል። በዚያው ዓመት ከተሸለሙት መካከል የገበሬውን ዘር በመጠበቅ የሚታወቀው መላኩ ወረደም ይገኝበታል። እንዶድን በየወንዙ ዳር ሲጠቀሙበት የኖሩት አጣቢዎች ግን በስም አይታወቁም።

ይህ ማለት መረጃ የሰጠ ሁሉ ጸሐፊ ይሁን ማለት አይደለም። ጸሐፊነት ኃላፊነት ስለሆነ ያላነበበውንና ያልፈቀደውን ጽሑፍ በማንም ላይ መጫን ተገቢ አይሆንም። ነገር ግን ዕውቀቱ ከየትኛው ቀበሌና ከማን እንደተገኘ በሰጪዎቹ ፈቃድ መግለጽ፣ ተርጓሚውንና መሪውን በምስጋናው ክፍል በስማቸው ማንሣት፣ ውጤቱንም በሚገባቸው ቋንቋ መልሶ ማድረስ የምርምሩ አካል ነው።

የስም አጻጻፍም የራሱ ጣጣ አለው። በእኛ ልማድ ሰው የሚታወቀው በራሱ ስም ነው፤ የውጭ መጽሔቶች ግን የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስደው የራሱን በአንድ ፊደል ያሳጥሩታል። በአባታቸው ስም የሚመሳሰሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ስሙን አንዴ በቁቤ አንዴ በእንግሊዝኛ አነባበብ የጻፈ አንድ ሰው ደግሞ ሁለት ሆኖ ይገኛል። የከተማዋ ስም እንኳ አሰበ ተፈሪም ጭሮም ተብሎ ስለሚጻፍ አንዱን ብቻ የፈለገ አንባቢ በሌላው የተመዘገበውን ጥናት ሊያጣው ይችላል። ተማሪው ከመጀመሪያ ጽሑፉ ጀምሮ በአንድ አጻጻፍ ቢጸና፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በነፃ የሚገኘውን ኦርኪድ የተባለ ባለ 16 አሃዝ መለያም ቢያወጣ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

በአዳዲስ ተቋማት የነባር ምሁር ስም ለተማሪው በር ይከፍታል፣ ስለዚህ ልማዱ ይቻላል የሚል መከራከሪያ አለ። በር መክፈቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ያልሠራ ሰው በስም ተበድሮ የገባበት ጽሑፍ ሲመረመር የሚመልስ አይገኝም፤ ተማሪውም ነገ አማካሪ ሲሆን የተደረገበትን መልሶ ያደርጋል።

ስለዚህ መጠይቁ ከመባዛቱ በፊት አንድ ገጽ ይጻፍ። ጥያቄውን ማን እንደሚቀርጽ፣ መረጃውን ማን እንደሚሰበስብና እንደሚተነትን፣ ማን እንደሚጽፍ፣ የስም ተራው በየትኛው ዘርፍ ልማድ እንደሚወሰን፣ ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ጽሑፉ ቢዘገይ ምን እንደሚደረግ ይስፈር። ሥራው ሲለወጥ ገጹም በሁሉም ስምምነት ይለወጥ። ጽሑፉ ሲታተም የእያንዳንዱ ድርሻ ይገለጽ፤ ለዚህም ብዙ መጽሔቶች የሚጠቀሙበት ባለ 14 ዘርፍ የድርሻ መዘርዝር አለ። የዕድገት ኮሚቴዎችም ያንን መግለጫ አንብበው፣ እያንዳንዱን ዘርፍ በራሱ ልማድ ይመዝኑ።

አንድ ገጽ ወረቀት ወጪው ጥቂት ነው። ሳይጻፍ ቢቀር ግን ከሚኤሶ እስከ መቻራ በፀሐይ የተለፋበት ሥራ ሲታተም፣ የለፋው ሰው የራሱን ጥናት እንደ እንግዳ ከፍቶ ያነባል።