«ፀጉሬን ትናንት ነው የተሠራሁት!»

ካምፓስ ውስጥ ሴት ተማሪዎችን ከሩጫ፣ ከጂምና ከዋና የሚያስቀራቸው ዋናው ምክንያት ምን ይመስላችኋል? የጊዜ እጥረት ነው የሚል ይኖራል። ስንፍና ነው የሚልም አይጠፋም። እኔ ዶርም ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው መልስ ግን ሌላ ነው፦ «ውይ፣ ፀጉሬን ትናንት ነው የተሠራሁት!» ይህቺን አባባል ሰምታ የማታውቅ ሴት ተማሪ ካለች እጇን ታውጣ።

ብዙ ጊዜ ይህን መልስ ሰምተን፣ ስቀን እናልፋለን። በእኔ እምነት ግን የሚያስቅ ነገር የለውም። ፀጉር የውበት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የስፖርት ጉዳይም ነው። ሴቶች ስፖርት ይሥሩ እያልን ስለ ፀጉራቸው አንድም ነገር ሳንናገር የምናልፍ ከሆነ፣ ምክራችን ከጆሮ አያልፍም።

ሒሳቡን እንሥራው

እስኪ ነገሩን በሒሳብ እንየው። አንዲት ተማሪ ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉር ቤት ትሄዳለች። ወረፋ ትጠብቃለች፣ ትታጠባለች፣ ካስክ ውስጥ ትቀመጣለች፣ ከዚያ በፔስትራ ትተኮሳለች። ግማሽ ቀኗ ሄደ። ከቤት ከተላከላት የኪስ ገንዘብ ላይም ጠቀም ያለ ተቆነጠረ። ይህ ፀጉር ቢያንስ እስከ ሚቀጥለው ቅዳሜ መቆየት አለበት። ሰኞ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ከሮጠች ግን ላቡ ፀጉሯን ከሥሩ ጀምሮ ያነሳዋል። የቅዳሜው ገንዘብ ሰኞ አለቀ ማለት ነው። ታዲያ ይህቺ ልጅ «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብላ ብትተኛ ሰነፍ ልትባል ነው? ሒሳብ ነው የሠራችው።

ከሒሳቧ የተረሳ አንድ ነገር ግን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ማድረግ እንዳለበት ይመክራል። በቀን ሲካፈል ከ22 ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም። ጥቅሙ ለልብ፣ ለእንቅልፍ፣ ለፈተና ሰሞን ጭንቀት ጭምር ነው። ፀጉር እንዳይበላሽ ተብሎ ሳምንቱ ሲዘለል፣ ቀጥሎም ወሩ ሲዘለል፣ አራት ዓመት እንዲሁ ያልቃል። ዲግሪ ይዘን፣ ደረጃ ስንወጣ ቁና ቁና እየተነፈስን እንመረቃለን።

የእኛ ብቻ አይደለም

ይህ የሐበሻ ሴት ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ዋና የሕዝብ ጤና ሐኪም የነበሩት ዶክተር ሬጂና ቤንጃሚን አትላንታ ከተማ ወደ ተዘጋጀ ትልቅ የፀጉር ሥራ ትርዒት ሄደው፣ ሴቶች ለፀጉራቸው ሲሉ ስፖርት መተው እንደሌለባቸው ተናግረዋል። የሕዝብ ጤና ኃላፊ ፀጉር ሠሪዎች መሀል ምን ይሠራሉ ያሉ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ላይ በዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሠርቶ የወጣ ጥናት ግን መልሱን ሰጠ። ከተጠየቁት 103 አፍሪካ አሜሪካውያን ሴቶች መካከል 38 ከመቶ የሚሆኑት በፀጉራቸው ምክንያት አንዳንድ ጊዜ እንቅስቃሴ እንደሚተዉ ተናግረዋል። የእነሱም ፀጉር እንደ እኛው የተጠቀለለ ነው፤ እነሱም እንደ እኛው ፀጉር ቤት ከፍለውና ሰዓታቸውን ሰጥተው ነው የሚወጡት።

ሕግ አውጪዎች ጉዳዩን ሲንቁት ምን እንደሚመጣም አይተናል። አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ለጎፈሬ፣ ለሹሩባና ለድሬድ የሚበቃ ሰፊ የዋና ቆብ ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021፣ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ቀደም ብሎ፣ በወቅቱ ፊና ይባል የነበረው የዓለም ዋና ፌዴሬሽን ቆቡን አልቀበልም አለ። ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ቆቡ የራስን ተፈጥሯዊ ቅርፅ የተከተለ አይደለም የሚል ነበር። የማን ራስ ተፈጥሯዊ ቅርፅ? ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ሰው ተነሣ፤ ትልቅ ቁጣም ቀሰቀሰ። በዚያው ኦሊምፒክ በዋና ብሪታኒያን የወከለች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የሆነችው አሊስ ዲሪንግ ከዚህ ቆብ ጋር ትሠራ ነበር። ፌዴሬሽኑ ሐሳቡን ቀይሮ ቆቡን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ነው። አንድ ቁራጭ ጎማ ለማስፈቀድ ከዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው።

ላብ ሲመጣ

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። እኔ ራሴ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት እሮጣለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እየተዋጣን ወደ አንድ ሆቴል ገንዳ እንሄዳለን። ስለዚህ የምለውን በራሴ ፀጉር ላይ የሞከርኩት ነው።

ላብ ውሃና ጨው ነው። ውሃው ተኖ ሲሄድ ጨው የራስ ቆዳና ፀጉር ላይ ይቀራል፤ ያሳክካል፣ ፀጉሩንም ያደርቃል። የእኛ ፀጉር የተጠቀለለ በመሆኑ ከራስ ቆዳ የሚወጣው የተፈጥሮ ቅባት እስከ ጫፉ በቀላሉ አይወርድም። ጫፉ ከመጀመሪያውም ደረቅ ነው። ላበኝ ተብሎ በየቀኑ በሻምፖ ሲታጠብ ደግሞ የቀረችውንም ቅባት ጠራርጎ ይወስዳታል። ስለዚህ ከሩጫ በኋላ ሥሩን በንጹሕ ውሃ እያሹ ማለቅለቅ ይበቃል፤ ሻምፖውን በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ አድርጉት። ዶርም ውሃ ጠፍቷል? አንድ ሃይላንድ ውሃ ክዳኑን በስታችሁ በሹሩባው መሀል መሀል ብታፈሱ ሥራውን ይሠራል። ከዚያ ፀጉሩ ሳይደርቅ ጥፍር አድርጎ አስሮ ክፍል መግባት አይገባም። እርጥብ ፀጉር ሲጎተት ቶሎ ይበጠሳል። በሻካራ ፎጣ ከማሸትም በአሮጌ ቲሸርት ጠቅልሎ ውሃውን ማስመጠጥ ይሻላል።

ፔስትራ የምትወዱ ደግሞ አንድ ነገር ዕወቁ። የሙቀት ሥራ ጊዜያዊ ነው፤ ውሃ ሲነካው ፀጉሩ ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል። ይህ ፀጉሩ ተበላሸ ማለት አይደለም። የሚያበላሸው ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ መልሶ መተኮስ ነው።

ገንዳ ስንገባ

ዋና ላይ ጉዳዩ ክሎሪን ነው። ክሎሪን ገንዳ ውስጥ የሚጨመረው ጀርም እንዲገድል ነው፤ በዚያው የፀጉርን ቅባት ይወስዳል፣ ፀጉሩንም ያሻክረዋል። በኬሚካል ማለስለሻ የተሠራ ፀጉር ከሆነ ደግሞ ቀድሞውኑ የተዳከመ ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል። በየሳምንቱ የምትዋኝ ሴት ከማለስለሻውና ከገንዳው አንዱን ብትመርጥ ይሻላታል ባይ ነኝ።

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ዘዴ ግን ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ወደ ገንዳው ከመግባታችሁ በፊት ፀጉራችሁን ሻወር ላይ በንጹሕ ውሃ አርሱት። ደረቅ ፀጉር እንደ ስፖንጅ ነው፤ ያገኘውን ይመጣል። አስቀድሞ ንጹሕ ውሃ ከጠጣ ለገንዳው ውሃ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። ከዚያ ትንሽ ኮንዲሽነር ወይም የኮኮናት ዘይት ጫፍ ጫፉን ነካ ነካ አድርጎ ቆብ ማጥለቅ። ቆቡ ውሃን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም፤ ይቀንሳል እንጂ። ከቀጭኑ ላቴክስ ይልቅ ሲሊኮኑ ፀጉር አይነጭም። ሲወጡ ወዲያው መታጠብ፣ ኮንዲሽነር መቀባት፣ ጥርሱ በተራራቀ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር እያሉ መፍታት ነው።

ቅቤስ? ቅቤ የእናቶቻችን ኮንዲሽነር ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ቅቤ ተቀብቶ ገንዳ መግባት ነውር ነው። ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ከኋላ የሚዋኘውም ሰው ይታዘባል። የቅቤው ቀን ከዋና በኋላ፣ ቤት የሚዋልበት ቀን ይሁን።

ሹሩባ፣ የራሳችን መፍትሔ

መፍትሔው ፊታችን ነው ያለው። ሯጮቻችንን ቴሌቪዥን ላይ ስናይ ብዙዎቹ ፀጉራቸውን ወይ ሹሩባ ተሠርተው ወይ ወደ ኋላ አስረው ነው። ሹሩባ ላብ ይችላል፣ ውሃ ይችላል፣ የዶርም ጓደኛ እየተጨዋወተች በነፃ ትሠራዋለች። ለሚቀጥለው ሳምንት የሚሆነውን አሠራር የሳምንቱን የስፖርት ፕሮግራም አይቶ መምረጥ ነው ቁም ነገሩ። ፈተና ሲያልቅ፣ ሠርግ ሲኖር ካስኩም ፔስትራውም ይመጣል፤ ማንም አልከለከለም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። የመጀመሪያው፣ ሹሩባ አይጥበቅ። ተሠርታችሁ ስትነሡ ራሳችሁን ካመማችሁ ወይም ግንባር አካባቢ ትንንሽ እብጠት ካወጣ ጠብቋል ማለት ነው። እየጠበቀ በተደጋጋሚ ሲሠራ የግንባርና የጆሮ ግንድ ፀጉር ይሳሳል፤ ቶሎ ከተተወ ይመለሳል፣ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ላይመለስ ይችላል። ሁለተኛው፣ ዊግ ተጨምሮበት የተሠራ ሹሩባ ውሃ ይይዛል፣ ይከብዳል፣ ለመድረቅም ቀን ይፈጃል። አዘውትራ ለምትዋኝ ሴት በራሷ ፀጉር ብቻ መሠራቱ ይሻላል። ሒጃብ ለምትለብሱ እህቶቻችንም እርጥብ ፀጉር ላይ ሸፍኖ መዋል ስለማይመች፣ ከውስጥ የምትደርቡትን የጥጥ ጨርቅ ከስፖርት በኋላ መቀየር ጥሩ ነው።

«ተቆረጡት ታዲያ!» የሚሉን ወንድሞች አሉ። ያማረው ይቆረጥ፣ ያምርበታልም። ግን ስፖርት ለመሥራት መላጨት ግዴታ ሲሆን ስፖርቱ ለሴት አልታሰበም ማለት ነው። እናንተም ብትሆኑ ድሬድ ያላችሁና ጎፈሬ ያሳደጋችሁ እንዴት ገንዳ እንደምትገቡ ብታስቡበት አይከፋም።

ከሌሎችስ ምን እንጠብቅ?

ሸክሙን ሁሉ ግን ሴቷ ላይ ብቻ መጫን ፍትሐዊ አይደለም። አንደኛ ዓመት ላይ የፊዚካል ፊትነስ ኮርስ ስንወስድ ክፍለ ጊዜው በሁለት ሌክቸር መሀል ነበር። ሜዳው ላይ ላብ በላብ ሆነን፣ ፊት እንኳ ሳንታጠብ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ክፍል ፊት ቆመን ፕሬዘንቴሽን እናቀርባለን። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ከሜዳው ጥግ ቆማ «አሞኛል» የምትል ልጅ ብትበዛ ምን ይገርማል? ክፍለ ጊዜው የቀኑ መጨረሻ ላይ ቢሆን፣ የሚሠራ አንድ ሻወር ቢኖር፣ መምህሩም የሚሠራውን ሳምንት ቀደም ብለው ቢናገሩ፣ ተማሪዋ አሠራሯን ታስተካክላለች። ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

ገንዳ ያላቸው ቤቶችም እንዲሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት ጓደኛዬ የመግቢያ ከፍላ ከገባች በኋላ ቆብ ግዴታ ነው ተባለች። እዚያው የሚሸጠው ቆብ ደግሞ ሹሩባዋን አልችል አለ። ገንዘቧም አልተመለሰ፣ እሷም አልዋኘች። ፀጉር የገንዳውን ማጣሪያ ስለሚዘጋ ቆብ ይደረግ መባሉ ተገቢ ነው። ግን ቆብ ግዴታ ነው የሚል ቤት የሚበቃ ቆብ ማቅረቡም ግዴታው ሊሆን ይገባል።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን፣ ወደ ጋዜጠኝነት ተማሪዎቹ ልምጣ። ለፕራክቲካል የምናዘጋጃቸውን ጋዜጦች አገላብጡ። ስፖርት ገጹ ላይ አርሴናልና ማንቸስተር፤ ውበት ዓምዱ ላይ የሙሽራ ፀጉር። ሁለቱ ገጾች ተነጋግረው አያውቁም! ስፖርት ገጽ የሚሠራው ልጅ ፀጉር የሴቶች ወሬ ይመስለዋል፤ ውበት ዓምድ የምትሠራዋ ደግሞ አንባቢዋ እንደምትሮጥ አላሰበችም። ፀጉር ሠሪዋን፣ የቆዳ ሐኪሙን፣ የዋና አሠልጣኙን አንድ ገጽ ላይ ማናገር ጥሩ ፊቸር አይወጣውም ትላላችሁ? አንባቢው ከጎናችን ወንበር ላይ ተቀምጧል እኮ።

«ፀጉሬን ትናንት ነው የተሠራሁት» የምትል ጓደኛ ካለቻችሁ አትሳቁባት፤ ስብከትም አታብዙባት። ይልቅ ዓርብ ማታ ሻይ አፍልታችሁ አስቀምጧትና ላላ ያለ ሹሩባ ሥሩላት። ከዚያ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሯን አንኳኩ። ያን ጊዜ ሰበቧ አልቋል።

ቸር እንሰንብት!