ትንሽ ንቅሳት፣ ትልቅ ንቀት

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በወንድ ተማሪዎች መካከል አንድ ልማድ እየተስፋፋ መምጣቱን ታዝበናል። ይኸውም በእጅ አንጓ፣ በክንድ፣ ከጆሮ ጀርባና በቁርጭምጭሚት ላይ ትንንሽ ንቅሳት ማስነቀስ ነው። ሥዕሉ ከስልክ ላይ ይመረጣል፤ በዶርም ውስጥ ምክር ይያዝበታል፤ «ትንሽ ናት፣ ለወንድ ታምራለች» ይባላል፤ ከዚያም መርፌ ይነሣል። እኛ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ንቅሳትን ለማውገዝ አይደለም። የሰው ቆዳ የባለቤቱ ነው። የምንሟገተው ከንቅሳቱ ጋር ተያይዞ የመጣውን ንቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንጓው ላይ መልሕቅ ያስነቀሰው ወንድማችን፣ አንገቷ ላይ በረድፍ የተደረደረ ንቅሳት፣ ግንባሯ ላይም መስቀል ያላትን የገጠር ሴት ሲያይ «ፋራ» ይላታል። የእሱን ታቱ ይለዋል፤ የእሷን ንቅሳት። የእሱ ሥልጣኔ ነው፤ የእሷ ኋላቀርነት። ለመሆኑ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? መርፌ ቆዳን ይወጋል፤ ጥቁር ቀለም ከላይኛው ቆዳ ሥር ይገባል፤ ቁስሉ ይድናል፤ ምልክቱ ይቀራል። የአገራችን ነቃሽ በእሾህ ወይም በመርፌ፣ በጥላሸትና በቅጠል ጭማቂ ትሠራለች፤ የከተማው ነቃሽ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ይሠራል። ሥራው ግን አንድ ነው። የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው።

ስሙም ቢሆን ከወዴት እንደ መጣ እንወቅ። «ታቱ» የሚለው ቃል የአውሮፓ ሥልጣኔ የወለደው አይደለም። ከፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ሕዝብ የተወሰደ ነው። የካፒቴን ኩክ መርከብ በ1769 እ.ኤ.አ. ታሂቲ በደረሰች ጊዜ መርከበኞቹ ልማዱን አይተው ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ አስገቡት። እነዚያን የደሴት ሰዎች አውሮፓውያን በዘመኑ «አረመኔ» ይሏቸው ነበር። እንግዲህ ወንድማችን የአንድ «ኋላቀር» የተባለ ሕዝብ ቃል ተውሶ፣ በዚያው ቃል የእናቱን አገር ሴት ኋላቀር ይላታል። አባቶች «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

የንቀቱ ውጤት በቃል ብቻ አልቀረም። ዛሬ በከተማ የሚኖሩ ብዙ ሴቶች በልጅነታቸው የተነቀሱትን የግንባርና የአንገት ምልክት በሌዘር ለማስጠፋት ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ሕመምም ይችላሉ። ሥራ ፍለጋ ሲሄዱ፣ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ታክሲ ውስጥ ሲቀመጡ የሚያዩአቸው ዐይኖች አሉና። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን እኅት ለማስጠፋት ትከፍላለች፤ ወንድም ለማስነቀስ ይከፍላል። ይህ የሚያስቅ ሳይሆን የሚያሳፍር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ተመረጡት ሥዕሎች እንምጣ። ከሁሉ የበዛው መልሕቅ ነው። መልሕቅ የአውሮፓና የአሜሪካ መርከበኞች ምልክት ነበረ፤ ባሕር የተሻገረ፣ ማዕበል ያየ ሰው ነበር የሚነቀሰው። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባሕር ዳርቻ በሌላት አገር የተወለደ፣ ከሐይቅ በቀር ውሃ ያላየ ልጅ ምን ሊያስርበት ነው? ሌላው በሮማ ቁጥር የተጻፈ የልደት ቀን ነው፤ የግእዝ አኃዝ ያለው ሕዝብ ልጅ ይህን ማድረጉ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ሦስተኛው የደሴቶቹ ሰዎች የክንድ ቀለበት ነው። በሳሞዋ የወንድ ንቅሳት ከወገብ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ሥራውን የሚሠራው የታወቀ ባለሙያ ነው፤ የሚነቀሰውም ሰው በቤተሰቡና በማኅበረሰቡ ፊት ኃላፊነት ይቀበልበታል። ከዚያ ሁሉ ላይ አንድ ስንዝር ቆርጦ በትከሻ ላይ መለጠፍ፣ የማያውቁትን ደብዳቤ ማኅተም በራስ ላይ መምታት ነው።

ሆኖም ትንሽ ንቅሳት በወንድ ክንድ ላይ ለአፍሪካ እንግዳ ነገር ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ከላይኛው ግብፅ፣ ገበሌን ከሚባለው ስፍራ ተገኝቶ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ፣ ከ5,000 ዓመት በላይ ያለፈው የአንድ ወጣት ሬሳ አለ። በክንዱ ላይ ለብዙ ዘመን እንደ ተራ ጥቁር ነጥብ የታየው ነገር በልዩ ብርሃን ሲመረመር፣ አንድ የዱር በሬና አንድ የበረሃ በግ የሚመስል እንስሳ ሆኖ መገኘቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። ያ ወጣት ሥዕሉን የመረጠው በአካባቢው ከሚያየውና ከሚፈራው ነገር ነበር። የእኛ ወንድም ግን የሚመርጠው ያላየውንና የማይፈራውን ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ ተቆጪዎች ተነሥተዋል። እነዚህ «ንቅሳት ባህላችን አይደለም፤ ከውጭ የመጣ ብልግና ነው» ይላሉ። እነሱንም አንምራቸውም። ባህላችን አይደለም የሚል ሰው የአገሩን ሴቶች አንገት አላየም ማለት ነው። ወንዱስ ቢሆን በክንዱ ላይ መስቀል ወይም የስም ፊደል ያስነቀሰ አዛውንት ያላየ ማን ነው? ኢየሩሳሌም የተሳለመ ምእመን የመስቀል ንቅሳት ይዞ መመለሱ የቆየ ልማድ ነው። በኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ ውስጥ ከግብፅ የመጣ አንድ የቅብጥ ቤተሰብ፣ ሥዕሉ በተቀረጸበት የእንጨት ማኅተም እየለካ ለትውልዶች ተሳላሚዎችን ሲነቅስ ኖሯል፤ ከተነቀሱትም መካከል ኢትዮጵያውያን አሉበት። የግብፅ ክርስቲያኖችም እስከ ዛሬ በቀኝ አንጓቸው ላይ ትንሽ መስቀል ይነቀሳሉ። ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28 ንቅሳትን እንደሚከለክል እናውቃለን፤ አብዛኞቹ የእስልምና ሊቃውንትም እንደሚከለክሉት እናውቃለን። በሃይማኖቱ ምክንያት የማይነቀስ ሰው ሕሊናው የተከበረ ነው። ነገር ግን ሃይማኖትን ከባህል ጋር አምታቶ፣ የአያቱን ግንባር «የውጭ አገር ብልግና» የሚል ሰው ሃይማኖቱንም ባህሉንም አልተረዳም።

ተቆጪዎቹ የሚቆጡት ደግሞ በእኩል ሚዛን አይደለም። ወንድ ተማሪ ሲነቀስ «የወጣትነት ነገር» ተብሎ ይታለፋል። ሴት ተማሪ ያችኑ ሥዕል፣ በዚያው ልክ፣ በዚያው ስፍራ ስትነቀስ ግን ስሟ ከላውንጅ እስከ ቤተ መጻሕፍት ይነሣል፤ ጠባይዋ፣ ቤተሰቧ፣ ጋብቻዋ ሁሉ ይመረመራል። ይህ ሚዛን በተማሪው ዓለም አዲስ አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተዘጋጀው የልብስ ትርኢት ላይ ተማሪዎች ተቃውሞ አነሡ፤ ከፖሊስ ጋር ግጭት ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። በተቃውሞው ውስጥ የባዕድ ባህል ጫና የሚል እውነተኛ ጥያቄ ነበረበት። ነገር ግን የባዕድ ባህል መለኪያው የሴቷ አጭር ቀሚስ ሲሆን፣ የወንዱ ሱሪ፣ ኮትና ከረባት ከወዴት እንደ መጡ የጠየቀ እምብዛም አልነበረም። ያ ሚዛን ዛሬም አልተቃናም።

እንዲህ ስንል የቀድሞውን ልማድ ሁሉ በማር ቀብተን እናቀርባለን ማለት አይደለም። ብዙዎቹ እናቶቻችን የተነቀሱት ልጆች ሳሉ ነው። ፈቃዳቸውን የጠየቀ አልነበረም፤ እጅና እግር ተይዞ ድድ የተወጋች ልጅ «ጥርስሽ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ነው» ስትባል ሕመሟን ዋጠች። ወደ እስራኤል ከሄዱት የቤተ እስራኤል እናቶች መካከል በግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት ያለባቸው አሉ፤ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ሲኖሩ የተነቀሱት ምልክት በአዲሱ አገራቸው የሚያሸማቅቃቸው ሆነና አንዳንዶቹ በሌዘር ለማስጠፋት ተገደዋል። በክፋቱ ጫፍ ደግሞ ናዚዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአውሽዊትዝ እስረኞች ክንድ ላይ የነቀሱት ቁጥር አለ። ያም ትንሽ ነበረ። እንግዲህ የምልክት ክብሩ በትንሽነቱ ወይም በትልቅነቱ አይደለም፤ ተሸካሚው ፈቅዶ መሸከሙ ነው። ወንድማችን ሃያ ዓመት ሞልቶት፣ ሥዕሉን መርጦ፣ «አዎን» ብሎ ይነቀሳል። እናቱ ያላገኘችውን ይህን መብት አግኝቶ፣ ያንን ያጣችውን ሴት መሳለቂያ ማድረጉ ምን ይባላል?

ስለ መርፌው ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። በዶርም ውስጥ አንድ መሣሪያ ተገዝቶ ለአምስትና ለስድስት ሰው እንደሚዞር እናውቃለን። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ የሚባሉት የጉበት በሽታ ቫይረሶች፣ ኤች አይ ቪም ጭምር፣ ደም በነካው መርፌ ይተላለፋሉ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ውስጥ እንኳ ቢያንስ ሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል። መርፌውን በአልኮል መጥረግ ወይም በክብሪት መለብለብ ማምከን አይደለም። መርፌ ብቻ መለወጥም አይበቃም፤ ብዙ ሰው የተጠቀሰበት የቀለም ብልቃጥ በሽታውን ይዞ ይዞራል። በተጨማሪም እንደ እኛ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ቁስሉ ሲድን ያበጠ ጠባሳ የማውጣቱ ዕድል ከነጩ ይበልጣል፤ ሌዘርም በጥቁር ቆዳ ላይ ቀለሙን ሲያጠፋ የቆዳውን መልክ ሊያዥጎረጉር ይችላል። «ካልወደድሁት አስጠፋዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ተመላልሶ፣ ከማስነቀሻው እጅግ የበለጠ ገንዘብ እንደሚከፍል ይወቀው።

ትንሽነቱም ቢሆን የራሱ ችግር አለው። ቀለም በቆዳ ውስጥ በዓመታት ቀስ እያለ ይሰፋል። የላሊበላን ወይም የጎንደርን መስቀል ከነሐረጉ በአንድ ሳንቲም ስፋት ያስነቀሰ ሰው፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚያየው መስቀል ሳይሆን ጥቁር ጠብታ ሊሆን ይችላል። በፊደላችንም እንዲሁ ነው። የ«ቀ» እና የ«ዐ» ቀለበት በጥቃቅን ጽሕፈት ይደፈናል። አንድ እግሩ ሲያጥር «በ» የነበረው «ባ» ይሆናል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወንድሞቻችን ፊደላችንን በክንዳቸው መሸከማቸው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ነቃሹ ፊደሉን የማያነብ ከሆነ የፊደል ግድፈቱ የዕድሜ ልክ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ የሚሻ ሰው ቀላል መሥመር ይምረጥ፤ አንድ ፊደል፣ አንድ ተራ መስቀል፣ አንድ ነጠላ ቅርጽ ይበቃል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው።

አንደኛ፣ የገጠር እናቶችንና እኅቶችን ንቅሳት መሳለቂያ ማድረግ በዚህ ግቢ ውስጥ ይቁም። የሚስቅ ሰው ሲገኝ በዚያው ስፍራ፣ ፊት ለፊት፣ ይነገረው።

ሁለተኛ፣ ለወንድ የተፈቀደው ለሴት ነውር አይሁን። ነውር ነው የምንል ከሆነም በሁለቱም ላይ እንበል።

ሦስተኛ፣ በዶርም ውስጥ በጋራ መርፌ መነቀስ ይቅር። የተማሪዎች ኅብረት ከዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ጋር ተነጋግሮ ስለዚህ ጉዳይ ትምህርት ያዘጋጅ፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያልወሰደ ተማሪም የሚወስድበትን መንገድ ይፈልግ።

አራተኛ፣ ሊነቀስ የቆረጠ ሰው ሥዕሉን በወረቀት ላይ ሥሎ አንድ ሴሚስተር ከአልጋው ራስጌ ይስቀለው። ፈተናው ሲያልቅም ከወደደው ያኔ ይወስን።

አምስተኛውን ለመምህራኖቻችንና በታሪክ፣ በሥነ ጥበብና በማኅበራዊ ጥናት ክፍል ላሉት ጓደኞቻችን እናቀርባለን። የእናቶቻችን የአንገትና የእጅ ንቅሳት ረድፍ አለው፣ ቅርጽ አለው፤ ነቃሾቹም ለየቅርጹ የሚሰጡት ስም አለ። ሌዘሩ በአንድ በኩል፣ ሞት በሌላው በኩል ይህን ከፊታችን እያጠፉት ነው። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ፣ ባለቤቷን አስፈቅደን፣ ቅርጹን በእርሳስ እንሣል፤ ስሙን እንጠይቅ፤ ማን እንደ ነቀሳት፣ በስንት ዓመቷ እንደ ሆነ፣ ወድዳ ይሁን ተገድዳ እንጻፍ። የሕመሙም ታሪክ ከውበቱ ጋር ይመዝገብ።

ከስልክ ላይ የባዕድ ሥዕል ለመምረጥ አንድ ሌሊት የሚያጠፋ ተማሪ፣ እናቱን «ይህ ምንድን ነው? አንቺስ ፈቅደሽ ነበር?» ብሎ ለመጠየቅ አንድ ከሰዓት በኋላ አያጣም። መልሷን ከሰማ በኋላ ቢነቀስም ባይነቀስም የራሱ ጉዳይ ነው። ከዚያ በፊት ግን በእሷ አንገት ላይ የመሣቅ መብት የለውም።