ኮስሞ ስፖርት ግልባጭ አይደለም

በ1967 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበውን የማዝዳ ኮስሞ ስፖርት መኪና የጀርመን ቴክኖሎጂ ግልባጭ የሚያደርገው አስተያየት መንገዱን ጀምሮ አይጨርሰውም። የሮታሪ ሞተር ሐሳብ የፌሊክስ ቫንክል መሆኑ አያከራክርም። የሂሮሺማው ማዝዳ በ1961 ከጀርመኑ ኩባንያ ከኤንኤስዩ ያገኘው ግን ፈቃድ እንጂ ያለቀለት ሞተር አልነበረም። በፒስተን ፋንታ የሚሽከረከረው ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር የሞተሩን የውስጥ ግድግዳ ይቧጭር ነበር፤ መሐንዲሶቹ ጭረቱን «የሰይጣን ጥፍር» አሉት፤ ስሙም አልበዛበትም። በኬኒቺ ያማሞቶ የተመራው ቡድን መላ ያገኘው የሮተሩን ጫፍ ማሸጊያ ከካርቦንና ከአሉሚኒየም በመሥራት ነው። የኤንኤስዩ ስፓይደር በ1964 ቢቀድምም ሮተሩ አንድ ብቻ ነበር፤ የኮስሞ ሁለት። በ1968 በኑርቡርግሪንግ የ84 ሰዓት ውድድር ከገቡት ሁለት ኮስሞዎች አንዱ መጨረሻው ሲቃረብ ቢሰበርም፣ ሌላው አራተኛ ወጥቷል።