ለዓይን ማዝ መድኃኒት ማደል ብቻውን ለምን አልበቃም?

በደጋውና በወይና ደጋው የገጠር ክፍል ብዙ እናቶች ከማተባቸው ጋር ወረንጦ ከአንገታቸው አንጠልጥለው ይታያሉ። ወረንጦው እሾህ ለመንቀያ ብቻ የተያዘ የሚመስለው ሰው ካለ ጠጋ ብሎ ይመልከት። ማለዳ ከምድጃው አጠገብ ልጅቱ የእናቷን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርጋ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ትነቅላለች። ለጥቂት ቀናት እፎይታ ይገኛል። ከዚያ ፀጉሩ አጭርና ሸካራ ሆኖ ተመልሶ ይበቅላል፤ ብሌኑንም እንደገና መፋቅ ይጀምራል። እናቲቱ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፍና፣ ፀሐይና ጭስ እየሸሸች፣ ሥራዋን በዳበሳ ትሠራለች።

ይህ በሽታ ትራኮማ ወይም በሕዝቡ አጠራር የዓይን ማዝ የሚባለው ነው። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ሲሆን ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው የሚሻገረው በዓይናርና በንፍጥ ነው። ይህን እርጥበት የሚያመላልሱትም እጅ፣ የጋራ ፎጣ፣ የነጠላ ጫፍ፣ ኩል መኳያና ዝንብ ናቸው። በሽታው ልጅን አንድ ጊዜ ቢይዘው ይድናል። በልጅነት ዕድሜ ደጋግሞ ሲይዝ ግን የዓይን ቆቡ ውስጠኛ ክፍል ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ይጠባሳል። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ይኮማተርና ቆቡን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ስለዚህ የአርባ ዓመት ሴት ዛሬ የምትሠቃይበት ፀጉር የተዘራው የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች ነው። ይህን የጊዜ ርቀት ያልተገነዘበ የማኅበር መሪ ሁለት ስሕተት ይሠራል። የልጆቹን ዓይናር «የልጅ ነገር ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ የሴቲቱን ሕመም ደግሞ «የእርጅና ነው» ይለዋል።

የችግሩ ስፋት ምን ያህል እንደሆነ በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት አሳይቷል። ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል 40 ከመቶ ያህሉ ንቁ የዓይን ማዝ ተገኝቶባቸው ነበር። በአማራ ክልል ቁጥሩ 62 ከመቶን አልፎ ነበር። ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት መካከል 3 ከመቶ ያህሉ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የታጠፈባቸው ሲሆኑ፣ ሴቶቹ ከወንዶቹ በእጥፍ በልጠው ተገኝተዋል። ሴቷ የምትበልጠው ሕፃናቱን አቅፋ የምታሳድገው፣ አፍንጫና ዓይናቸውን የምትጠርገው፣ አንድ መደብ ላይ አብራቸው የምታድረው እርሷ ስለሆነች ነው። በሽታው ከልጅ ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ ይመላለሳል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በዓለም ደረጃ መከላከያና ሕክምና የሚያስፈልገው ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2002 ከነበረበት 1.5 ቢሊዮን በ2024 ወደ 103 ሚሊዮን ወርዷል። ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 በሽታው የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ እንዳበቃ በዓለም የጤና ድርጅት ተረጋግጦላቸዋል። የቀረው ሸክም ግማሽ ያህሉ ግን ኢትዮጵያ ላይ ነው። ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። መድኃኒቱ በነጻ እየመጣ፣ ዘመቻውም ለዓመታት እየተካሄደ፣ በሽታው በአንዳንድ ወረዳዎች ለምን አልለቅ አለ?

መድኃኒቱ አይሠራም የሚለው መልስ ትክክል አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ለነዋሪው ሁሉ በየዓመቱ ሲሰጥ፣ ተሕዋሱ የተገኘባቸው ሕፃናት ከመቶ 42 ያህል የነበሩት በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ወደ 2 ያህል ወርደዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ መስጠት በዓመት አንድ ጊዜ ከመስጠት ያን ያህል ብልጫ አላሳየም። ነገር ግን እደላው በቆመባቸው ቀበሌዎች በሽታው ቀስ በቀስ ተመልሶ ጨምሯል። ያልዋጡ ጥቂት ቤቶች ውስጥ የቀረው ተሕዋስ ጎረቤቱን መልሶ ይበክላል። አረም ከሥሩ ሳይነቀል የታጨደበት ማሳ ማለት ነው።

ሌላው ምክንያት መቋረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በብዙ አገሮች የጅምላ እደላ ለጊዜው ቆሞ ነበር። ከዚያም ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነት፣ ቀጥሎም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ሥራውን በብዙ ቦታ አሰናክሏል። ባለሙያ መንገድ ሲዘጋበት መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ ይቀራል፤ በሽታው ግን መንገድ አይዘጋበትም።

ውኃና መጸዳጃን በተመለከተ እውነቱን ሳይሸፋፍኑ መናገር ይገባል። በዋግ ኽምራ በሰቆጣ አካባቢ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ዓመታት የውኃ ቦታ እየተቆፈረ፣ ስለ ፊት መታጠብና ስለ መጸዳጃ ትምህርት እየተሰጠ ውጤቱ ተመዝኖ ነበር። ሥራው በተሠራባቸውና ባልተሠራባቸው ቀበሌዎች መካከል በሕፃናቱ ዓይን ላይ በተገኘው ተሕዋስ ጉልህ ልዩነት አልታየም። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ «እንግዲያስ መታጠብ ከንቱ ነው» ሊል ይችላል። ይህ ጸሐፊ ግን እንደዚያ አይረዳውም። ምንጭ መቆፈርና የእያንዳንዱ ሕፃን ፊት በየቀኑ መታጠብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሽታው በጸናበት ቦታ ያለ መድኃኒት በሦስት ዓመት ውስጥ ለውጥ መጠበቅም ብዙ መጠበቅ ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት መድኃኒቱና ንጽሕናው ተያይዘው፣ ሳይቋረጡ፣ ረዘም ላለ ጊዜ መሄድ እንዳለባቸው ነው። የመጸዳጃ ቤት ቁጥር ለወረዳ ሪፖርት ስለተሞላ ብቻ ዓይን አይድንም።

ዝንቡን በሚመለከት ገበሬው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ «ከብት ካለን ዝንብ መቼ ይጠፋል?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዓይን ላይ የሚያርፈው የዝንብ ዓይነት ግን ከእበት ይልቅ ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር በብዛት ይራባል፤ በጉድጓድ መጸዳጃ ውስጥ ያን ያህል አይፈለፈልም። ስለዚህ ከብት ሳይሸጥ፣ የሕፃናቱንም ጭምር ወደ ጉድጓድ በማስገባት ዝንቡን መቀነስ ይቻላል። ብዙ ቤት አዋቂው መጸዳጃ ይጠቀማል፤ የሕፃኑ ግን ከጓሮ ይጣላል፤ ዝንቡ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ለፊት መታጠቢያ የሚያስፈልገው ውኃም ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ሥሩ በትንሹ የተበሳ ጀሪካን ደጃፍ ላይ ቢሰቀል በቀጭኑ በሚወርደው ውኃ የቤቱ ልጆች በሙሉ ፊታቸውን ይታጠባሉ። ውኃ ከሩቅ በጀርባ ለምታመጣ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ብዙ ውኃ እንዳይባክን አሠራሩን በተግባር ማሳየት ከቃል ስብከት ይሻላል።

በእደላው ዕለት የማኅበር መሪው ድርሻ ከማንም ይበልጣል። ቀኑ ከዘርና ከአጨዳ ጋር ከተጋጨ ግማሹ ሰው ማሳ ይውላል። እረኞች ማልደው ስለሚወጡ ይቀራሉ፤ የበሽታው ማኅደር ደግሞ ከሁሉ በላይ ሕፃናት ናቸው። መድኃኒቱ የሚለካው በቁመት ዘንግ ስለሆነ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መጠን አለመውሰዱ አድልዎ አለመሆኑ አስቀድሞ ይነገር። ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ነው። አንዳንድ ሰው ከዋጠ በኋላ ማቅለሽለሽ ወይም የሆድ ቁርጠት ሊሰማው ይችላል፤ ይህ ሳይነገረው ከቀረ በማግሥቱ መንደሩ በወሬ ይሞላል፣ በሚቀጥለውም ዓመት የሚመጣ አይኖርም። አንዲት ቤት «ዓይናችን ደኅና ነው» ብላ ስትቀር የማኅበሩ መሪ ራሱ ቤቷ ድረስ ቢሄድ ያዋጣል።

ፀጉሩ አንዴ ወደ ውስጥ ለታጠፈባቸው ግን ክኒን አይበቃም። የሚያስፈልጋቸው ቆቡን ወደ ውጭ የሚመልስ ቀዶ ሕክምና ነው። ቦታው በመርፌ ደንዝዞ፣ በሠለጠነ ነርስ፣ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችል አጭር ሥራ ነው። ዓይኑ አንድ ቀን ያህል ታሽጎ ይቆያል። ሴቶች ግን ይፈራሉ፤ «ዓይኔን ያወጡታል» የሚሉ አሉ። ከፍርሃቱ በላይ የሚያስቀራቸው ግን ቤት የሚጠብቅ፣ ሕፃን የሚይዝ፣ እንጀራ የሚጋግር ሰው ማጣት ነው። ባል ካልፈቀደና ጎረቤት ካልተካ ሴቲቱ አትሄድም። ደቦ ለአጨዳ የሚጠራ ማኅበር ለሁለት ቀን የቤት ሥራም ሊጠራው ይችላል።

ሕክምናውን ስናወድስም ልክ አለው። ብሌኑ ጠባሳ ከያዘ ቀዶ ሕክምና የጠፋውን ብርሃን አይመልስም፤ ሥቃዩን ያስቆማል፣ የቀረውን ያድናል። ፀጉሩም ተመልሶ ሊታጠፍ ይችላል። በአማራ ክልል በ1,000 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ሁለት የአሠራር ዘዴዎችን አነጻጽሯል። ቆቡ በሙሉ ውፍረቱ ከተቆረጠባቸው መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ 22 ከመቶ ያህሉ ፀጉሩ ተመልሶባቸዋል፤ ከውስጥ በኩል ብቻ ከተቆረጠባቸው ግን 13 ከመቶ ያህሉ። ቀደም ሲል በወላይታ የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ጊዜ የሚዋጥ አዚትሮማይሲን መሰጠቱ የመመለሱን ዕድል በሲሶ ያህል እንደቀነሰው አሳይቷል። አንዲት ሴት «ተሠርቼም አልዳንኩ» ብትል ሐሰተኛ አይደለችም፤ እንደገና መታየት አለባት። የእርሷ ቃል ሳይመለስ ቢቀር ሌሎች አሥር ሴቶችን ቤት ያስቀምጣል።

ወረንጦስ? ፀጉሩ ጥቂት ከሆነና ታማሚዋ ቀዶ ሕክምናውን ለጊዜው ካልፈለገች፣ ጥራት ባለው ወረንጦ፣ በደንብ በሚያይ ሰው፣ በንጹሕ እጅ መንቀል ብሌኑን እንደሚያተርፍ በዚያው ክልል የተካሄደ ጥናት አመልክቷል። የደነዘዘ ወረንጦ ግን ፀጉሩን ይሰብረዋል እንጂ አይነቅለውም፤ የተሰበረው ጉቶ ደግሞ ከረጅሙ ፀጉር ይብሳል።

ዓይን ቆቡ የቆሰለ ሁሉ የዓይን ማዝ እንዳልያዘውም ማወቅ ይጠቅማል። የሽፋሽፍቱ ሥር ቀልቶ፣ እንደ ፎረፎር ያለ ቅርፊት ይዞ፣ ጧት ጧት ዓይን የሚያጣብቅና ለዓመታት የሚመላለስ ሌላ ሕመም አለ። ለዚህኛው እፎይታ የሚገኘው በትዕግሥት ነው። ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ ነክሮ በተጨፈነ ዓይን ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያም የሽፋሽፍቱን ሥር በቀስታ ማጽዳት፣ ይህንኑ ለሳምንታት በየቀኑ መድገም ነው። ጨርቁ የአንድ ሰው ብቻ ይሁን። ፀጉር ብሌን እየነካ መሆን አለመሆኑን የሚለየው ግን የጤና ባለሙያ ነው።

በብዙ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ፀጉር የታጠፈባቸውን ሰዎች ስም ይመዘግባሉ። መዝገቡ ላይ በብዛት የሚጎድሉት ከቤት የማይወጡት ናቸው፤ ብርሃን የሚያማቸው፣ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም መሄድ ያቆሙ አሮጊቶችና መበለቶች። ባለሙያዋ አታውቃቸውም። እድራቸውና የማኅበራቸው መሪ ግን የማን ቤት ማን እንዳለ ያውቃሉ። የቀዶ ሕክምናው ቡድን ከመምጣቱ አንድ ወር በፊት እነዚህ ስሞች ቤት ለቤት ተሰብስበው ለባለሙያዋ ቢደርሷት፣ ለእያንዳንዷም በቅሎ ወይም ደጋፊ ቢመደብላት፣ ቡድኑ በመጣበት ቀን የሚሠራለት ሰው አይጠፋም።