ለእባብ ደግሞ ምን ማሞቂያ?

እባብ አያለቅስም። ውሻ ሲበርደው ያላዝናል፤ ድመት ሲርባት እግር ሥር እየተሻሸች ትነዘንዛለች፤ በግ እንኳ ከመንጋው ሲነጠል ሰፈር ያውካል። እባብ ግን ሆዱ እየተቃጠለም ዝም፣ በብርድ እየደነዘዘም ዝም ነው። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ዝምታ ነው። ዝም ያለ ሁሉ የተመቸው የሚመስለው ሰው በዝቶብኛልና።

“አንተ ሰውዬ፣ ጤናህን ነው? እባብ ምን አገባህ?” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኛ እኮ እባብን የምናውቀው በሁለት መንገድ ነው፤ አንድም በሔዋን ታሪክ፣ አንድም በዱላ። “እባብ ያየ በልጥ በረየ” ብለን የተረትን ሰዎች ነን። ዘመን ግን ዘመን ነውና፣ አሜሪካ ከተሻገሩ ዘመዶቻችን ልጆች መካከል “ለልደትህ ምን ይገዛልህ?” ሲባሉ “እባብ!” የሚሉ ብቅ ብለዋል። ቨርጂኒያ የምትኖር የቀድሞ ተማሪዬ ለሌላ ጉዳይ ደውላ፣ በወሬያችን መሀል “መምህር፣ ይኼ ልጅ እባብ ካልገዛሽልኝ ብሎ ሊያሳብደኝ ነው” አለችኝ። ሱቅ ሄዳ ጠይቃለች። ሻጩም “ለጀማሪ የሚሆን፣ ሁሉም ነገር የተሟላለት” ብሎ አንድ ካርቶን አሳይቷታል። ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቅኋት። ትንሽ የመስታወት ሳጥን፣ በኤሌክትሪክ የሚግል ሰው ሠራሽ ድንጋይ፣ መስታወት ላይ የሚለጠፍ የሙቀት መለኪያ፣ አንድ ከረጢት ሰጋቱራ።

እንግዲህ ጠቤ ከዚህ ካርቶን ጋር ነው።

“ለጀማሪ” እየተባለ በብዛት የሚሸጠው “ቦል ፓይተን” የሚሉት ትንሽ ዘንዶ ነው። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሀል ደብቆ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው ስሙን ያገኘው። አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው፤ ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ለአሥርተ ዓመታት በገፍ ተጭኖ ባሕር ተሻግሯል። መርዝ የለውም፤ ጠባዩ ጭምት ነው፤ ቁመቱም ከአንድ ሜትር ተኩል እምብዛም አያልፍም። በአገሩ ቀኑን የሚያሳልፈው አይጦች ጥለውት በሄዱት ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ነው። ሞቃት፣ ጨለማ፣ እርጥበት ያለውና ገላን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ቤት ነው የለመደው። አሁን ያንን ኩይሳ ከዚያ ካርቶን ጋር አስተያዩት።

እባብ እንደ እኔና እንደ እናንተ ሙቀቱን ከውስጡ አያመነጭም። ምግብ የሚፈጭለትም፣ በሽታ የሚከላከልለትም ከውጭ በሚያገኘው ሙቀት ነው። ብርድ ሲይዘው የዋጠው አይጥ ሆዱ ውስጥ መበስበስ ይጀምራል፤ ወይ ያስመልሰዋል። ቀጥሎ ሳንባው ይታመማል። ስለዚህ ለእሱ ማሞቂያ ማለት ለእኛ ብርድ ልብስ እንደማለት አይደለም። የጨጓራው ግማሽ ነው ብትሉ ይቀርባል።

“እሺ፣ ሳጥኑን ማጋል ነዋ!” የሚል ቸኩሎ ይነሳል። እሱም አይደለም። ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌዎቻችንን አይታችሁ የለ? ፀሐይዋ በረታ ስትል በርጩማቸውን አንስተው ወደ ጥላው ፈቀቅ ይላሉ። እባብም የሚፈልገው ይህንኑ ፈቀቅ የማለት መብት ነው። የሳጥኑ አንድ ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሙቅ፤ ሌላው ጫፍ ከ25 እስከ 27 ይሁን። በሁለቱም ጫፍ ሰውነቱን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ መደበቂያ ይቀመጥ። መደበቂያው አንድ ብቻ ከሆነ ምስኪኑ ከሙቀትና ከደኅንነት አንዱን ምረጥ ተባለ ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መደበቁን ይመርጥና በብርድ ይታመማል። የአየሩ እርጥበት ከ55 እስከ 70 በመቶ ቢሆን ይስማማዋል። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ወንፊት ከሆነ ግን ሙቀቱም እርጥበቱም በዚያው ይበናል። ላደገ እባብ ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 60 ሴንቲሜትር የሆነ፣ በሚገባ የሚቆለፍ ሳጥን ያስፈልጋል። “በሚገባ” ያልኩት ያለነገር አይደለም፤ እባብ ጭንቅላቱ በገባበት ቀዳዳ ሌላው አካሉ መከተሉን ያውቃል።

ወደዚያ ጉደኛ ድንጋይ ልመለስ። እነዚህ ድንጋዮች ሙቀታቸው ወጥ አይደለም፤ አንዱ ጎናቸው ለብ ብሎ ሌላው ይፋጃል። እባብ ደግሞ ከሆዱ በታች የሚያቃጥለውን ነገር ቶሎ ለይቶ አይሸሽም። አካባቢው ቀዝቃዛ ከሆነ እዚያው ላይ እንደተኛ ቆዳው ይላጣል። እስቲ እንደ እንጀራ ምጣድ አስቡት! ከሥር የሚነጠፈው ማሞቂያም፣ ከላይ የሚንጠለጠለው አምፖልም ቢሆን ያለ ቴርሞስታት ልጓም የሌለው ፈረስ ነው። ቴርሞስታት ሙቀቱ ከተወሰነለት ሲያልፍ የሚያጠፋ፣ ሲወርድ የሚያበራ ትንሽ መሣሪያ ነው። ያንን ሁሉ ኮተት ያጨቀው ካርቶን ውስጥ የሌለውም እሱ ነው። ተማሪዬ ስትጠይቅ “እሱ እንኳ እንደ ፍላጎትሽ ነው” አሏት። እንደ ፍላጎትሽ! መኪና ሸጦ “ፍሬኑን ከፈለግሽ ለብቻው ግዥ” እንደማለት እኮ ነው። የሚለጠፈውም መለኪያ የሚነግራት የመስታወቱን ሙቀት እንጂ እባቡ የሚተኛበትን አይደለም።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን “ለጀማሪ” የምትለዋ ቃል ናት። ቃል ሲመነዝር የኖረ ሰው በቃል ነው የሚናደደው። ጀማሪው ማን ነው? እባቡ ለመኖር ጀማሪ አይደለም፤ በተንከባካቢው አለማወቅ የሚከፍለው ግን እሱ ነው። ደግሞስ ጀማሪ መቼ ነው የሚጨርሰው? ይህ ፍጥረት በወጉ ከተያዘ 20 እና 30 ዓመት ይኖራል። በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት ውስጥ አንዲት ቦል ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2020 ከ60 ዓመት በላይ ሆኗት እንቁላል ጥላ ዓለምን አስገርማለች። የ10 ዓመቱ ልጅ የልደት ስጦታ የ40 ዓመት ጎልማሳ ሲሆንም ሊከተለው ይችላል ማለት ነው። ይህን በካርቶኑ ላይ የጻፈ የለም።

ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው “አሮው ኦፍ ጎድ” ልቦለድ ውስጥ ኦዱቼ የሚባል ልጅ አለ። የሠፈሩ ሰው የሚያከብረውን ዘንዶ እንዲገድል አዲሱ ሃይማኖቱ ይገፋፋዋል፤ በገዛ እጁ ለመግደል ግን ድፍረቱ የለውም። እናም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል፤ ገደልኩት ሳይል እንዲሞትለት። ተማሪዎቼን ስለዚህ ሳጥን ብዙ አከራክሬያለሁ። ዛሬ ያ ሳጥን ከፋብሪካ እየወጣ ይሸጣል። ልዩነቱ ኦዱቼ ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ የኛ ዘመን ገዢ ግን በመስታወቱ አሻግሮ እያየ “ደስ ሲል!” ይላል።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ “ሰው በሚራብበት ዓለም ለእባብ ደግሞ ምን ማሞቂያ?” አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን አድራሻው ተሳስቷል። እኔ ማንንም እባብ ግዛ አላልኩም። ገንዘቡ ለተራበ ይዋል ካልክ እሰየው፣ እባቡን አትግዛው። ገዝተህ ካበቃህ በኋላ ግን እሱን በማስራብና በማቀዝቀዝ የሚጠግብ አንድም ደሀ የለም። በችግረኛ ስም ግዴታን መሸሽ የቆየ ብልጠት ነው። በገንዘብ የመጣ ፍጥረት ከነዕዳው ነው የሚመጣው፤ ዕዳውም ፍቅር አይደለም፣ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። “ልጄ እኮ በጣም ይወደዋል” የምትሉኝ ወላጆች፣ እባቡ መወደዱን አያውቅም። መሞቁን ግን ያውቃል።

ለተማሪዬ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ። መጀመሪያ እባቡን አትግዙ፤ ሳጥኑን ግዙ። ማሞቂያውን ከነቴርሞስታቱ ግጠሙ፤ በሁለቱም ጫፍ መደበቂያና ዲጂታል መለኪያ፣ መሀሉ ላይ የውኃ ሳህን አስቀምጡ። ከዚያ አንድ ሳምንት ሙሉ ልጁ ጠዋትና ማታ የሁለቱን ጫፍ ሙቀት እያነበበ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ውኃውን ይለውጥ፤ እርጥበቱን ይከታተል። ቁጥሩ ሳይዋዥቅ ሳምንቱ ካለቀ፣ ያን ጊዜ ወደ ሱቁ ሂዱ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ባዶ ሳጥን መጠበቅ ከሰለቸው ግን… እሰይ፣ እንኳን እባቡ አልመጣ!