ከወዳጅነት ጨዋታ ለቻምበርስ ሮድ ምን ይተርፋል?

እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ በዴንቨር አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይውላል። ቀደም ብሎ የሚጀመረውን ለማየት ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል መነሣት ግድ ነው። ከሞንትቤሎ ወርዶ፣ አይ 70 አውራ ጎዳናን አቋርጦ፣ ኦሮራን ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚዘልቀው ቻምበርስ ሮድ አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እነዚህን ሰዓቶች በቃላቸው ያውቋቸዋል። አርሰናልን ወይም ማንቸስተር ዩናይትድን መደገፍ እዚህ የለመዱት ሳይሆን ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት ነው፤ ልጆቻቸውም ወርሰውታል። ስለዚህ ክለቦቹ ለአዲሱ የውድድር ዘመን ዝግጅት ብለው ባሕር ተሻግረው ሲመጡ፣ በዚህ ጎዳና ላይ ትኬት ለመሸጥ ብዙ መልፋት አያስፈልጋቸውም።

መጥተዋልም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጁላይ 26 ቀን 2014 በማይል ሃይ ስታዲየም 54 ሺህ 117 ተመልካች ዩናይትድ ሮማን 3 ለ 2 ሲያሸንፍ አየ። ዌይን ሩኒ ሁለት ጎል አገባ፤ የሮማው ሚራለም ፒያኒች ከሜዳው አጋማሽ አካባቢ ያገባት ግን ከውጤቱ ይበልጥ ትታወሳለች። ጁላይ 15 ቀን 2019 ደግሞ አርሰናል ኮሜርስ ሲቲ ላይ ኮሎራዶ ራፒድስን 3 ለ 0 ረታ። የሁለቱም ክለቦች ባለቤት ስታን ክሮንኬ ስለሆኑ እንግዳውም አስተናጋጁም የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ። ጎሎቹን ያገቡት የ17 ዓመቱ ቡካዮ ሳካ፣ ከአካዳሚው የወጣው ጄምስ ኦላይንካ እና አዲስ ፈራሚው ጋብሪኤል ማርቲኔሊ ናቸው። ሳካን ገና ሳይታወቅ አየሁት ለማለት የበቃ ደጋፊ ዕድለኛ ነው፤ ትኬቱን ሲገዛ ግን የታዳጊዎችን ቡድን አስቦ አልነበረም። አምበሉ ሎራን ኮሲየልኒ ወደዚያ ጉብኝት አልሄድም ብሎ ቀርቶ ነበር። ጁን 5 ቀን 2024 ደግሞ ሜክሲኮ እዚያው ማይል ሃይ ላይ በኡራጓይ 4 ለ 0 ተሸንፋ ወጣች።

የወዳጅነት ጨዋታ ነጥብ የለውም። የሚሸጠው ስምና ተቀናቃኝነት ነው። ዩናይትድ በ2024 በአንድ ጉብኝት አርሰናልን ሎስ አንጀለስ ላይ፣ ሊቨርፑልን ደቡብ ካሮላይና ኮሎምቢያ ላይ ገጥሟል፤ ሁለተኛውን ጨዋታ 77 ሺህ 559 ሰው ታድሞታል። ጁላይ 31 ቀን 2025 አርሰናልና ቶተንሃም ሰሜን ለንደንን ለሁለት የሚከፍለውን ደርቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ከብሪታንያ ውጭ፣ ሆንግ ኮንግ ላይ አደረጉት። ዋጋውን አንዳንዴ ተጫዋቹ ይከፍላል፤ የ18 ዓመቱ ሌኒ ዮሮ በሎስ አንጀለሱ ጨዋታ እግሩ ላይ በደረሰበት ጉዳት ለወራት ከሜዳ ርቋል። (ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና የሸገሩን ደርቢ ሌላ አገር ወስደው ለገበያ ቢያቀርቡት የካምቦሎጆ ሰው ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።)

ይሁን እንጂ ክለቦቹን መውቀስ ለኮሎራዶ ሕግ አውጪ የሚፈይደው ነገር የለም። ማንቸስተርን የሚያስገድድ ሥልጣን ዴንቨር ውስጥ የለም። ሥልጣን ያለው በጨዋታው ሜዳ ላይ ነው፤ ሜዳው ደግሞ የሕዝብ ነው።

የማይል ሃይ ስታዲየም ባለቤት ብሮንኮስ ሳይሆን በክልሉ ሕግ የተቋቋመ የሕዝብ አካል፣ የሜትሮፖሊታን እግር ኳስ ስታዲየም ዲስትሪክት ነው። መራጮች በኖቬምበር 1998 በሰጡት ድምፅ ከ100 ዶላር ግዢ 10 ሳንቲም የሚሰበስበው የሽያጭ ታክስ ለስታዲየሙ እንዲውል ፈቀዱ። ታክሱ ከዴንቨር ሌላ አዳምስና አራፓሆን ጨምሮ በዙሪያው ባሉ ካውንቲዎች እስከ 2011 ማብቂያ ድረስ ተሰብስቧል። ኦሮራ በእነዚህ ካውንቲዎች ውስጥ ናት። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት ቻምበርስ ሮድ ላይ ጫማም ሆነ ማሰሮ የገዛ ሁሉ፣ ኳስ ወዳድም ይሁን አይሁን፣ ለዚያ ስታዲየም ከፍሏል። አርሰናል የተጫወተበት የኮሜርስ ሲቲ ስታዲየምም ንብረትነቱ የከተማዋ ነው፤ የሚያስተዳድረው የክሮንኬ ኩባንያ ነው።

የሕግ አውጪዎች ረዳቶች ሊያጠኑት የሚገባው አንቀጽ ግን ሌላ ነው። ስታዲየሙ ሊሠራ ሲታሰብ ብሮንኮስ አንድ ቀን ከተሸጠ ከሽያጩ የተጣራ ትርፍ 2 ከመቶው ለዲስትሪክቱ እንዲገባ፣ ለካውንቲዎቹና ለከተሞቹ እንዲከፋፈል፣ ገንዘቡም ለወጣቶች እንቅስቃሴ ፕሮግራሞች ብቻ እንዲውል ተደንግጎ ነበር። በጊዜው ይህ አንቀጽ ብዙ አላነጋገረም። በ2022 ቡድኑ በ4.65 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ ግን 41 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገኘ። ኦሮራም ድርሻዋን አገኘች። ማንም ሰልፍ አልወጣም፣ ማንም ባለሀብት አልተለመነም፤ ቀድሞ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥራውን ሠራ።

ለወዳጅነት ጨዋታዎችም ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይቻላል። የዲስትሪክቱ ሕግ የክልሉ ምክር ቤት ሥራ ነው፤ ምክር ቤቱም ሊያሻሽለው ይችላል። የኮሜርስ ሲቲ ምክር ቤትም በራሱ ስታዲየም ላይ ቃል አለው። በሕዝብ ስታዲየም ላይ የውጭ ክለብ ወይም የውጭ ብሔራዊ ቡድን በሚጫወትበት ጊዜ ከእያንዳንዱ ትኬት ሁለት ዶላር ለታዳጊዎች ሜዳ ይቀመጥ ቢባል፣ የ2014ቱ ጨዋታ ብቻ 108 ሺህ 234 ዶላር ያስገባ ነበር። ይህ ገንዘብ ስታዲየም አይሠራም። ሜዳ በሰዓት ለሚከራዩና ልጆቻቸውን ለማሠልጠን ወቅት በመጣ ቁጥር ክፍያ ለሚከፍሉ የኦሮራ ወላጆች ግን ትንሽ አይደለም። የአሜሪካ የታዳጊዎች እግር ኳስ ከፋይ ብቻ የሚጫወትበት መሆኑ የቆየ ቅሬታ ነው፤ ቅሬታው የሚከብደው ደግሞ ኳስ በነፃ፣ በሰፈር ሜዳ ላይ ለተጫወተ ወላጅ ነው።

«እንዲህ ከተባለ ክለቦቹ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ» የሚለው መልስ መምጣቱ አይቀርም። በጁን 2022 ዴንቨር ከ2026 የዓለም ዋንጫ አስተናጋጅ ከተሞች ውጭ ስትቀር የተሰማው ቅሬታ ይህን ፍርሃት ያባብሰዋል፤ ዋንጫውን ያጣ ከተማ የመጣለትን ሁሉ እጁን ዘርግቶ ለመቀበል ይቸኩላል። ነገር ግን ክለቦቹ የሚመጡት ተመልካቹ እዚህ ስላለ ነው። የሜክሲኮ ቡድን ከአገሩ ውጭ ይህን ያህል ጊዜ በአሜሪካ ከተሞች የሚጫወተው ስደተኛው ትኬቱን ስለሚገዛ ነው። ሁለት ዶላር ያንን ተመልካች ወደ ሌላ ከተማ አያዛውረውም።

የትኬት ገዢው መብት ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ገዥው ጃሬድ ፖሊስ በ2023 የቀረበላቸውን የትኬት ሽያጭ ረቂቅ ሕግ ውድቅ ቢያደርጉም በ2024 የተሻሻለውን ፈርመውታል። ሕጉ የትኬቱ ጠቅላላ ዋጋ ከነተጨማሪ ክፍያዎቹ ከመነሻው እንዲታይ፣ ዝግጅት ሲሰረዝም ገንዘብ እንዲመለስ ያዛል። መልካም ነው። በወዳጅነት ጨዋታ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ ስረዛ አይደለም። ጨዋታው ይካሄዳል፤ በማስታወቂያው ላይ ፊቱ የተለጠፈው ተጫዋች ነው የማይገባው። ጁላይ 26 ቀን 2019 ሶል ላይ ክሪስቲያኖ ሮናልዶ ለዩቬንቱስ ቢያንስ 45 ደቂቃ ይጫወታል ተብሎ ነበር፤ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ጨዋታው አለቀ። ኢንቾን የሚገኝ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2020 አዘጋጁ ድርጅት ለሁለት ከሳሾች ለእያንዳንዳቸው 371 ሺህ ዎን እንዲከፍል ወሰነ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2024 ሆንግ ኮንግ ላይ ሜሲ ለኢንተር ማያሚ ሳይሰለፍ ሲቀር፣ አዘጋጁ የ16 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር የመንግሥት ድጎማ ጥያቄውን ትቶ የትኬቱን ግማሽ ዋጋ ለመመለስ ቃል ገባ። ይህን ያደረገው በራሱ ቸርነት አልነበረም። ድጎማው ከሜሲ የጨዋታ ደቂቃ ጋር የተያያዘ ስለነበር መንግሥት የሚጠይቅበት እጅ ነበረው። ኮሎራዶም ተመሳሳይ መያዣ ሊኖራት ይችላል፦ በማስታወቂያ ስሙ ወይም ምስሉ የተሸጠበት ተጫዋች ጉዳት ሳይደርስበት ካልተሰለፈ ከትኬቱ ዋጋ የሚመለሰው ድርሻ አስቀድሞ በትኬቱ ላይ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ የእንግሊዝና የስፔን ክለቦች ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ ስለ ዋልያዎቹም መናገር ያስፈልጋል። ኦገስት 2 ቀን 2025 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ዋሽንግተን ውስጥ በኦዲ ፊልድ ዲሲ ዩናይትድን ለመግጠም መጣ። ለብዙ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን፣ በተለይ እዚህ ለተወለዱት፣ የአገራቸውን ማልያ በዓይናቸው ለማየት የመጀመሪያው ዕድል ነበር። ይህን ማጣጣል አይገባም። ቡድኑ በአገሩ ደረጃውን የጠበቀ ስታዲየም በማጣቱ የሜዳው የሚባሉትን ጨዋታዎች ሳይቀር በሰው አገር ለማድረግ የተገደደ ነው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ጎል ያገቡበት፣ ጁን 9 ቀን 2022 ግብፅን 2 ለ 0 የረታበት ድንቅ ጨዋታ እንኳ የተካሄደው በማላዊ ሊሎንግዌ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ያ ምሽት ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ያስቆጫል።

ስለዚህ የወዳጅነት ጨዋታ ገቢ ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ከማንኛውም ባለጸጋ ክለብ ይልቅ ያስፈልገዋል። የሚያስፈልገው በመሆኑም ጥያቄው ይጠብቃል፦ ዲያስፖራው ከሚከፍለው ትኬት ስንቱ ለፌዴሬሽኑ፣ ስንቱ ለአዘጋጁ፣ ስንቱ ለሜዳ ግንባታ ይደርሳል? ዋልያዎቹ ነገ ወደ ኮሎራዶ ቢጋበዙ፣ በከፍታዋ የምትታወቀው ዴንቨር ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለች በመሆኗ ትንፋሽ አያጥራቸውም፤ የቻምበርስ ሮድ ሰውም ስታዲየሙን ይሞላዋል። የኮሚኒቲ ማኅበራት ትኬት ለመሸጥ ከመስማማታቸው በፊት የገቢው ክፍፍል በጽሑፍ ይፋ እንዲሆን መጠየቅ አለባቸው። ይህ አገርን መጠራጠር አይደለም። ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ፣ በ2022ም ወደ ዴንቨር መጥቶ የነበረው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በዓል ያስተማረው ነገር ይህ ነው። በ2012 በባለሀብት ድጋፍ ሌላ ውድድር ዋሽንግተን ላይ ተዘጋጅቶ ማኅበረሰቡ ለሁለት ሲከፈል፣ አለመግባባቱ ስለ ኳስ ሳይሆን ስለ ገንዘብና ስለ ባለቤትነት ነበር።

የዓለም አቀፉ ሕግ አጥር እየላላ መሄዱ ጉዳዩን አስቸኳይ ያደርገዋል። ፊፋ በ2018 የሊግ ጨዋታዎች በየአገራቸው ይካሄዱ የሚል አቋም ወስዶ ነበር፤ ሬሌቨንት የተባለው የአሜሪካ አዘጋጅ ድርጅት ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፊፋ በ2024፣ የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2025 ከክሱ በስምምነት ወጡ። በዚያው ዓመት ቪያሪያልና ባርሴሎና ማያሚ ላይ ሊያደርጉት የነበረው የሊግ ጨዋታ በኦክቶበር የተሰረዘው ሕግ ከልክሎት ሳይሆን የስፔን ተጫዋቾች ጨዋታ ሲጀመር ለ15 ሰከንድ ቆመው በመቃወማቸውና ደጋፊዎች በመጮኻቸው ነው። ዛሬ በወዳጅነት ስም የሚመጣው ነገ በነጥብ ሊመጣ ይችላል።

ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ አጋጣሚው ተከፍቷል። ብሮንኮስ በሴፕቴምበር 2025 አዲስ ስታዲየም ለመሥራት በርንሃም ያርድን እንደመረጠ አስታውቋል፤ የማይል ሃይ ኪራይ የሚያበቃው በ2030 ነው። ባለቤቶቹ ስታዲየሙን በራሳቸው ገንዘብ እንደሚሠሩ ተናግረዋል። ቦታው ግን የክልሉ ንብረት የነበረ የባቡር ግቢ ነው፤ መንገዱን፣ ባቡሩንና ፖሊሱን የሚያቀርበውም ሕዝብ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ከኦሮራና ከሞንትቤሎ የተመረጡ የምክር ቤት አባላት ረዳቶች በድርድሩ ሰነድ ላይ አሁኑኑ ሁለት ነገር መፈለግ አለባቸው፦ የ2 ከመቶው አንቀጽ ወደ አዲሱ ውል ተሸጋግሯል ወይስ ተትቷል? በአዲሱ ሜዳ የውጭ ክለብ ሲጫወትስ ለካውንቲዎቹ ታዳጊዎች የተጻፈ ድርሻ አለ ወይ?