«አጥንት ለቃሚ አማች አልፈልግም!»



ለዚህ ሳምንት የመረጥኩት ደብዳቤ ከመርሳ የተላከ ነው። ስድስት ገጽ ስለሆነ እንዳለ ለማውጣት ቦታው አይበቃም፤ ፍሬ ነገሩን ላቅርብላችሁ። የባለጉዳዮቹን ስም፣ ልጁ የሚያስተምርበትንም ዩኒቨርሲቲ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ።

ጸሐፊዋ የ26 ዓመት ወጣት ናት። ተወልዳ ያደገችው መርሳ ሲሆን አሁን ወልድያ ላይ ከታላቅ እህቷ ጋር ልብስ ትሸጣለች። አራት ዓመት አብራው የቆየችው ጓደኛዋ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። የሚያስተምረው ግን ሕክምና ወይም ሕግ አይደለም፤ ፓሊዮንቶሎጂ ነው። በአማርኛ የቅሪተ አካል ጥናት ይሉታል። በድንጋይ ውስጥ ተጠብቀው የቆዩ የጥንት እንስሳትን፣ ዕፅዋትንና የሰውን ዘር ቅሪት የሚመረምር ትምህርት ነው።

«ጠባዩ ምስጉን ነው» ትላለች። «አይጠጣም፣ አይቅምም፣ ቃሉን አያጥፍም። ባለፈው ጥር ሽማግሌ ላከ። አባቴ ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው ሲያበቁ፣ ‹አጥንት ለቃሚ አማች አልፈልግም!› ብለው መለሷቸው። ‹ሐኪም ሞልቶ፣ ነጋዴ ሞልቶ፣ ልጄን በረሃ ለበረሃ ለሚዞር ሰው አልሰጥም። ደመወዙ እንደሆነ ከወር ወር አያደርስ። ደግሞስ ሰው ከዝንጀሮ መጣ እያለ የሚያስተምር አማች ይዤ ከጎረቤት ጋር እንዴት ቡና እጠጣለሁ?› አሉ።»

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ልጁ አሁን ለፒኤችዲ ውጭ አገር የመማር ዕድል አግኝቷል። አራት ወይም አምስት ዓመት ይፈጃል። «ጠብቂኝ» ይላታል። አባቷ ደግሞ ኮምቦልቻ ተቀምጦ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ባለቤት አዘጋጅተው እሺታዋን ይጠብቃሉ። «ስመለስ 31 ዓመት ይሞላሻል፣ ባልመለስስ? ብሎ የሚነግረኝ የለም» ትላለች። «ልጠብቀው ወይስ ልተወው?»

እህቴ፣ አብሽሪ። ጭንቀትሽ የብዙ ሴት ጭንቀት ነው። እኔ ራሴ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አልዘለልኩም፤ ስለዚህ ስለ ሙያው የምነግርሽ አንብቤና ጠይቄ የተረዳሁትን ነው። ይህን የማደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሾፌር ያገባች መንገዱን፣ ወታደር ያገባች ግዳጁን አብራ ታገባለች። አንቺም ልታገቢው የምታስቢውን ሥራ አስቀድመሽ እወቂው።

ሥራው ምንድን ነው?

አባትሽ «አጥንት» ያሉት ነገር መቃብር ተቆፍሮ የወጣ ዐፅም አይደለም። አጥንቱ ከተቀበረ በኋላ በሺህና በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ የምድር ማዕድን ሰርጎበት እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። ከሚገኘውም አብዛኛው የአሳማ፣ የአጋዘን፣ የዝሆን፣ የዝንጀሮ ወገን ነው። የሰው ዘር ቅሪት ብርቅ ነው፤ ሙያተኛው ዕድሜውን ሙሉ ፈልጎ አንድም ላያገኝ ይችላል።

መምህሩ ዓመቱን ሙሉ በረሃ አይኖርም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ፓሊዮንቶሎጂ በአብዛኛው የሚሰጠው በጂኦሎጂ ትምህርት ውስጥ እንደ አንድ ኮርስ ነው። ስለዚህ የአንቺ ሰው ሌሎች ኮርሶችንም ያስተምራል፣ ፈተና ያርማል፣ ተመራቂ ያማክራል። ሙቀቱ በሚበርድበት ወቅት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ተመራማሪዎች ወደ አፋር ይወርዳሉ። ድንኳን ተክለው፣ የአካባቢውን ሰው መሪ አድርገው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ይሄዳሉ፤ አፈሩን በወንፊት ይነፋሉ። ለዚህም ከመንግሥት የቅርስ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። የተገኘው ሁሉ የአገር ሀብት ስለሆነ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ይገባል። የቤተ ሙከራው ጥናትም ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው።

«ወልድያ ላይ ለምን አይፈልግም?» ብትዪ መልስ አለው። የእናንተ ተራራ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የቀለጠ ድንጋይ አጥንት አያስቀምጥም። አጥንት የሚቆየው ወንዝና ሐይቅ በደለል ሲቀብሩት ነው። በክልላችሁ እንዲህ ያለ ቦታ ጭልጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከጭልጋ የ27 ሚሊዮን ዓመት የዝሆን ቅድመ ዘሮች መገኘታቸው ተገልጿል። ከወልድያ በሐራና በጭፍራ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ዓለም ወደሚያውቀው የቅሪተ አካል ምድር ያደርሳል። በ2008 ዓ.ም. የካቲት ሚሌ ወረዳ ውስጥ ሚሮ ዶራ በተባለ ቦታ አንድ የአፋር እረኛ የላይኛውን መንጋጋ አየና ለተመራማሪዎቹ ጠቆመ። ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴና ጓዶቻቸው የፍየል በጠጥ ጭምር እየነፉ ሲፈልጉ የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል ተሟላ። ወሬው በዓለም የተሰማው በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። እንግዲህ አባትሽ «አጥንት ለቀማ» ያሉት ይኸንን ነው።

የአባትሽ ሦስት ክሶች

አንደኛው የዝንጀሮው ነገር ነው። ሙያተኞቹ የሚሉት ሰው ዛሬ ከምናየው ዝንጀሮ ተወለደ አይደለም። የዛሬው ሰውና የዛሬዎቹ ጦጣ መሰል እንስሳት እጅግ ሩቅ ዘመን ላይ የጋራ ቅድመ ዘር ነበራቸው ነው የሚሉት። ድንቅነሽን፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን የ3.2 ሚሊዮን ዓመት እመቤት፣ በስሟ የማይኮራ ኢትዮጵያዊ አለ? በእሷ እየኮሩ ስለ እሷ የሚያስተምረውን መናቅ ደግሞ አይሄድም። ስለ እምነቱ ግን አባትሽ መጠየቅ መብታቸው ነው። ልጁ ራሱ ቀርቦ በአክብሮት ያስረዳቸው። አንቺ አማላጅ ሆነሽ ሳይንስ አታብራሪ።

ሁለተኛው ደመወዙ ነው። እዚህ ላይ አባትሽ ብዙም አልተሳሳቱም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ኑሮ ከብዷቸው በ2015 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ብዙዎቹ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። ማስተርስ ይዞ ሌክቸረር፣ ፒኤችዲ ይዞ ረዳት ፕሮፌሰር እየተባለ ደረጃው ያድጋል፤ ኪሱ ግን በዚያው ልክ አይወፍርም። የመስክ አበል የሚገኘው ፕሮጀክት ሲኖር ነው። ሀብት ከፈለግሽ ይህ ሰው አይደለም። የአንቺ ሱቅ የጎጆው ምሰሶ እንደሚሆን አውቀሽ ግቢ።

ሦስተኛው ከቤት መራቁ ነው። እውነት ነው፤ ይርቃል። ግን ልጠይቅሽ፣ ባለ ከባድ መኪናውስ? ከኮምቦልቻ ጅቡቲ የሚመላለስ ሰው በየማታው ቤቱ ያድራል? መምህሩ በዓመት ሁለት ሦስት ወር ቢጠፋ ነው፤ ሰውዬው ግን መንገድ ላይ ነው የሚኖር። እንዲያውም ሁለቱ ሰዎች ሚሌ ሻይ ቤት ሳይገናኙ አይቀሩም! አባትሽ ሩቅ አዳሪ ባል ካልፈለጉ ሁለቱንም ይመልሱ እንጂ አንዱን መርጠው አይክሰሱ።

ጊዜ ለእነሱና ለአንቺ

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ሙያ ሰዎች ጊዜን የሚቆጥሩት እንደ እኔና እንደ አንቺ አይደለም። ሰላም የተባለችውን የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን አስቢ። ዲኪካ ላይ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ተገኘች። ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው። አጥንቷ ከአሸዋ ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት ሲያነሡ ዓመታት አለፉ፤ ይፋ የሆነችው በመስከረም 1999 ዓ.ም. ነው። አርዲ ደግሞ ትብሳለች። የመጀመሪያው አጥንቷ የተገኘው አራሚስ ላይ በ1987 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሙሉ ጥናቱ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። አሥራ አምስት ዓመት!

እንዲህ በሚሠራ ሰው ጆሮ «አምስት ዓመት ጠብቂኝ» የሚለው ቃል ቀላል ነው። በ26 ዓመት ሴት ጆሮ ግን ቀላል አይደለም። አጥንቱ 3 ሚሊዮን ዓመት ቆይቷል፣ አምስት ዓመት ቢጨመርበት አይጎዳም። አንቺ ግን መውለድ ትፈልጊ ይሆናል፤ የወላጅ ዓይን አለብሽ፤ የሰፈር አፍ አለብሽ። ልጁ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሥራው ያስለመደውን ትዕግሥት ከአንቺም ይጠብቃል። ይህን ፊት ለፊት ንገሪው።

ላለመመለሱ ያለሽ ፍርሃትም ከንቱ አይደለም። ዶክተር ዘረሰናይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ተምረው፣ ፓሪስ ዶክትሬታቸውን ይዘው፣ ዛሬ በአሜሪካ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናቸው። ዶክተር ዮሐንስም የሚሠሩት እዚያው አሜሪካ ነው። በአንጻሩ ዶክተር ብርሃኔ አስፋው ካሊፎርኒያ በርክሌይ ተምረው ተመልሰዋል፤ አዲስ አበባ ተቀምጠው ዓለም ያወቀውን ሥራ ሠርተዋል። ሁለቱም መንገድ አለ ማለት ነው። የትኛውን እንደሚመርጥ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

አንድ የሚያጽናና ነገር ልንገርሽ። የሌላ ሙያ ተማሪ ውጭ ወጥቶ አምስት ዓመት ሊጠፋ ይችላል። የኢትዮጵያን ቅሪተ አካል የሚያጠና ግን አጥንቶቹ እዚህ ናቸውና መምጣቱ አይቀርም። ለመስክም ለሙዚየም ሥራም ይመላለሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ይሁን፦ የምታጠናው የኢትዮጵያን ነው ወይስ የሌላ አገር? በዓመት ስንት ጊዜ ትመጣለህ?

ምክሬ

አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለትምህርት የሚልኩትን መምህር ተመልሶ እንዲያገለግል ውል ያስፈርማሉ፣ ዋስም ይጠይቃሉ። እሱም ይህንን ፈርሞ የሚሄድ ከሆነ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ዋስ ጠርቶ ለአንቺ ባዶ ቃል ሊሰጥሽ አይገባም። ከመሄዱ በፊት በየእምነታችሁ ሥርዓት ይሁን በማዘጋጃ ቤት፣ ጋብቻውን ያስር። ድግሱ ይቆይ፤ ሰርጉ ሲመለስ ይደገስ። «አሁን አልችልም» ካለ ምክንያቱን አድምጪ፤ ምክንያቱ የተድበሰበሰ ከሆነ ግን መልሱን አግኝተሻል።

ሁለተኛ፣ አብረሽው መሄድ ትችይ እንደሆነ፣ ወይም አገር ውስጥ መማር ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዘርፉ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ይሰጣል። «አይሆንም» ቢልሽ እንኳን መጠየቁ ራሱ ለአንቺ ማሰቡን ያሳይሻል።

ሦስተኛ፣ የጸጥታውን ነገር አትርሺ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት ተይዛ ሳለ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ምን ያህል እንደተዘረፈ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ሰላም ሲጠፋ ክፍሉም ይዘጋል፣ መስኩም ይቀራል። እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ ምን እንደምትበሉ፣ የት እንደምትኖሩ አሁን ተነጋገሩ።

አራተኛ፣ ሽማግሌው ይመለስ። ግን በዚህኛው ዙር ከሽማግሌዎቹ መሐል አንድ አዛውንት መምህር ይኑሩ። አባትሽን ድንቅነሽ ያለችበት ሙዚየም ይዞ የሚሄድ ሰው ቢገኝ ደግሞ የበለጠ ነው። አባት የማያውቀውን ሙያ ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ ልጁን ሊጠብቅ ነውና።

አምስተኛ፣ ባለ መኪናውን በእልህ አታግቢ። እሱም የሰው ልጅ ነው፤ ልቡ ሌላ ቦታ ያለችን ሴት ማግባት አይገባውም። እምቢ ብትዪ ግን በጨዋ ደንብ፣ ዛሬውኑ ይሁን። ሰው በተስፋ ማቆየት ነውር ነው።

በመጨረሻ «ልጠብቀው ወይስ ልተወው?» ላልሽው መልሴ ይኸው፦ ጠብቂው፤ ግን ቀጠሮ ያለው ጥበቃ ይሁን። ወሩና ዓመቱ ይነገር፣ በሽማግሌ ፊት ይጻፍ። ቀኑን ሊነግርሽ ካልፈለገ እህቴ፣ አንቺ ድንጋይ አይደለሽም፣ ተቀምጠሽ አትጠብቂ።

አንባቢዎቼ፣ ከሩቅ አዳሪ ባል ጋር ጎጆ ያቀናችሁ እናቶችና እህቶች ካላችሁ ጻፉልን፤ ለዚህች ልጅ የእናንተ ልምድ ከእኔ ምክር ይበልጣል። እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት።